ሳይጠይቁ የሚጠፉ ሠልጣኞች፦ ከጎንደር ለመጣ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ አሠልጣኝ ነኝ። ዘንድሮ የሠልጣኞች ምክርና ድጋፍ ሥራውንም ደርበሽ ያዢ ተብያለሁ። ክፍሌ ውስጥ የሌለ ዓይነት ሰው የለም። የከተማ ልጅ አለ። ከደባርቅ፣ ከበለሳ፣ ከቋራ የመጣ አለ። ከቀዬው የተፈናቀለ አለ። ሕፃን ልጅ ያላት እናት አለች። መስማት የተሳናት ልጅ አለች። ብዙ ዓመት በሽቦ ዝርጋታ የሠራ ጎልማሳም አለ። ጥቅምት ላይ 41 ነበሩ፤ አሁን ጥር ላይ 28 ናቸው። ‹ችግር ያለበት ቢሮዬ ይምጣ› ብዬ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። ማንም አልመጣም። በጀት የለኝም። አንዱን ሳግዝ አድልዎ እንዳይባልብኝም እፈራለሁ። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ማንም ያልመጣው ችግር ጠፍቶ አይደለም። ወረቀቱን አንብቦ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ጓደኞቹ እያዩት የእርስዎን በር ማንኳኳት ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ልጁ ያደገው «ገመናህን ለባዕድ አታሳይ» እየተባለ ነው። ቤት ውስጥ እህል ባለቀ ቀን እናቱ ባዶ ውኃ ጥዳ ጭስ ስታስነሳ አይቷል፤ ጎረቤት እንዳያውቅ። እንዲህ ያደገ ልጅ «ራበኝ» ብሎ ቢሮ አይገባም። «አመመኝ» ይላል። ወይም አንድ ሰኞ ይቀራል፣ ማክሰኞም ይቀራል፣ በዚያው ይጠፋል። መዝገቡ ላይ «ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፍበታል።

በሙያ ምክር ሥራ ላይ ብዙ ኮሌጆች ገብቼ ወጥቻለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ ድጋፉ ሠልጣኙ ሳይጠይቅ ይድረሰው። አቤት ባይን የሚጠብቅ ድጋፍ የሚደርሰው ደፋሩ ጋ ብቻ ነው። ደፋሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባሰበት ሰው አይደለም።

መጀመሪያ ማን እንደሚመጣልዎት እናስብ። ከሠልጣኞችዎ ብዙዎቹ በሩን የሚገቡት «ወድቄ ነው የመጣሁት» እያሉ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱ ሲወድቅ ጥፋቱ የአንድ ልጅ ስንፍና ሊሆን አይችልም። ግን ይህን ቁጥር ቁጭ አድርጎ የሚነግረው ሰው የለም። ቤት ሲገባ የሚሰማው «የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ» የሚለውን ነው። ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው። አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ሁሉ ቀና ሲል ያያሉ።

ጎንደር ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። በአፄ ፋሲል ዘመንና ከዚያ በኋላ ከተማዋ ስትገነባ ድንጋዩን ከጠረቡት፣ እንጨቱን ከላጉት፣ ብረቱን ከቀጠቀጡት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ሽመናውን ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ይዞት ኖሯል። አገሩ በእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ እየኖረ ሰዎቹን ግን «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ» እያለ ይዘልፍ ነበር። ዘለፋው ቀለል ብሎ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ብየዳ እማራለሁ ያለ ልጅ «ከዘራችን ብረት የቀጠቀጠ የለም» የተባለበትን ቤት አውቃለሁ። እንዲህ ተብሎ የመጣ ሠልጣኝ ትንሽ እንቅፋት ሲያገኘው ይዞት የሚቆይ ነገር የለውም። ስለዚህ በመክፈቻው ቀን የኃላፊ ንግግር አያብዙ። ከእናንተው ኮሌጅ ወጥቶ ከተማው ውስጥ ሱቅ ወይም ወርክሾፕ የከፈተ አንድ ሰው ይጋብዙ። ስለ ስኬቱ ብቻ አያውራ። ሲማር የት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ሊያቋርጥ ሲል ማን እንደያዘው ይንገራቸው። ሴት ብትሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሠልጣኝ የሚጠፋው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም።

ከቆላው ወይም ከደጋው ወረዳ የመጣውን ልጅ ያስቡት። የክረምቱንና የመስከረምን ጊዜ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ከርሟል። ለቤት ኪራይ የሚሆነውን ብር ያገኘው እዚያ ነው። አጨዳው ጥቅምትን ስለሚነካ ምዝገባው ላይ ይዘገያል። ዘግይቶ ሲደርስ «የት ነበርክ?» የሚል ቁጣ ይቀበለዋል። ወባ ይዞት የሚመጣም አለ። ዘግይቶ የመጣውን «ሰነፍ» ከማለትዎ በፊት እጁን ይዩት።

አንድ ጊዜ ከአዘዞ በላይ ሦስት ሠልጣኞች የተከራዩትን ክፍል አይቻለሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ቡታ ጋዝ። ጥግ ላይ ሁለት ኩንታል ቆሟል፦ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ቆሎና በሶ። ሽሮውና በርበሬው በፌስታል ተቋጥሮ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አይጥ እንዳይደርስበት። ከፍራሹ በላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በሊጥ ተለጥፏል፤ የሬዚስተር ቀለሞች በተራ ተጽፈውበታል። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ። የሚኖሩት ግን በአንድ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ስንቃቸው የሚመጣው ያገራቸው ሰው ገበያ ሲወጣ ነው። መንገድ ከተዘጋ ስንቅ የለም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። መንገዱ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱም «ቤተሰብ ጥየቃ» ብለው ወጡ። አንዱ ብቻ ተመለሰ።

እንዲህ ያለውን ነገር ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። መድረሻው ቀላል ነው። ሥልጠናው እንደተጀመረ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ እያንዳንዱን ሠልጣኝ ለየብቻው ለሩብ ሰዓት ያህል ያናግሩት። ሁሉንም። ጎበዙንም፣ የከተማውንም፣ መኪና የሚያደርሰውንም። ሁሉም ከተጠራ መጠራት አያሳፍርም። ይሉኝታው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ችግር አለብህ?» ብለው አይጠይቁት፤ «የለብኝም» ነው የሚልዎት። ይልቅ «የት ነው ያረፍከው? ከማን ጋር? ከዚያ በምን ትመጣለህ? ስንቅ በማን እጅ ይመጣልሃል? ባይመጣስ ወዴት ትላለህ?» ይበሉት። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ «ሁለት ቀን ብትጠፋብኝ ለማን ልደውል?» ይሁን። መልሱን በራስዎ ደብተር ይጻፉት። ደብተሩ የእርስዎ ብቻ ነው፤ ለኃላፊም አይሰጥም፣ ለሪፖርትም አይሆንም። ይህንንም ይንገሯቸው።

41 ሰው ለአንድ ሰው ብዙ ነው ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። የሚያምኑትን አንድ ሁለት አሠልጣኝ ይጨምሩና ተካፈሉት። ሠልጣኞቹን በአምስት በአምስት አደራጅቶ አንዱን ተጠሪ ማድረግ ግን አይሞክሩት። «አንድ ለአምስት» ሲባል ያደገ ልጅ ያንን የሚያየው እንደ ወሬ አቀባይ ነው። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ደረጃ 4 ላይ ያለ ሠልጣኝ ከአንድ ወረዳ ለመጣ ጀማሪ እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እንደ ታላቅ እህት ቢሆነው። ርካሽ ቤት የት እንዳለ፣ የትኛው ባለሱቅ በዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው አሠልጣኝ ቁጡ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ስልክ ነው። አንድ ሠልጣኝ ሁለተኛ ቀን ሲቀር ይደወል። በሦስተኛው ሳምንት የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ማንንም አይመልስም። ሲደውሉም «ለምን ቀረህ?» አይበሉ። «ናፍቀኸናል፣ ደኅና ነህ ወይ?» ይበሉ፤ ቀጥሎ ያለውን እሱ ራሱ ይነግርዎታል። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ያልመጣችሁ ነገ እንድትገኙ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከናካቴው አይቆጠር። የባሰባቸው ልጆች የያዙት ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ስልክ ነው።

ቱታና መሣሪያንም ይመልከቱ። በመጀመሪያው ሳምንት «ቱታና የደኅንነት ጫማ ያልገዛ ወርክሾፕ አይገባም» የሚል ትእዛዝ ብዙ ልጅ ያባርራል። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ያለ ጫማ ወርክሾፕ መግባት አደጋ ነው። መፍትሔው ግን እጃችሁ ላይ አለ። ተመራቂዎች ክሊራንስ ሲጨርሱ ቱታቸውን ታጥቦ እንዲያስረክቡ ያድርጉ። ቱታዎቹን በቁመት ይለዩና መደርደሪያ ላይ ይስቀሏቸው። መጀመሪያ ቀን «ቱታ ያልያዘ ከዚህ ይልበስ» ብለው ለሁሉም ይክፈቱት። የከተማው ልጅም ሲያነሳ የገጠሩ ልጅ ሳይሸማቀቅ ያነሳል። ካቻቪቴ ወይም ቴስተር የጠፋበት ልጅ ላይ የሚጣለውን ቅጣትም ይፈትሹ። የአንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ (ሜትር) ዋጋ ለአንዳንዱ የወራት ኪራይ ነው። ቅጣቱን ፈርተው ሳይናገሩ የቀሩ ልጆች ገጥመውኛል። በሥራ የሚከፈልበት መንገድ ይኑር።

አድልዎ ስለሚሉት ነገር ግልጽ ልሁን። መስማት ለተሳናት ልጅ ፊት ለፊት ወንበር መስጠት ከሌላው ላይ መቀማት አይደለም። ሰው የሚያጉረመርመው አሠራሩ ሲደበቅበት ነው። «ስንቅ ያለቀበት፣ የታመመ፣ የተፈናቀለ፣ አራስ የሆነች ይህን ይህን ታገኛለች» ብለው ለሁሉም አስቀድመው ከነገሩ፣ ማን እንዳገኘ ደግሞ ለማንም ካልነገሩ፣ ሐሜቱ ብዙ አይቆይም። ተፈናቃይን አሰልፎ ደብተር እያደሉ ፎቶ ማንሳት ግን ይቅር። ልጁ ያንን ፎቶ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

መስማት ስለተሳናት ልጅ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት፤ ብዙ አሠልጣኝ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ስሕተት «ከንፈሬን እያየች ትረዳኛለች» ብሎ ማሰብ ነው። ከንፈር ላይ የሚነበበው ከሚነገረው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ብዙ ድምፆች ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ወደ ሰሌዳ ዞረው ሲናገሩ ደግሞ ያ ጥቂቱም ይጠፋል። መጀመሪያ ይጻፉ፣ ከዚያ ዞረው ይናገሩ። አንድ ነገር ሲያሳዩ ዝም ብለው ያሳዩ፤ እጅዎንና ፊትዎን በአንድ ጊዜ ማየት አትችልም። በቃል የሚሰጠውን ትእዛዝ በአጭር ወረቀት ይስጧት። የወረቀቱ ልማድ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሁሉ እንደሚጠቅም በሳምንት ውስጥ ያዩታል።

ቋንቋዋ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ነው። በንድፈ ሐሳቡ ክፍለ ጊዜ አስተርጓሚ ማግኘት ተገቢዋ ነው፤ በደብዳቤ ይጠይቁላት። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ለብሬከር፣ ለፌዝ፣ ለኒውትራል፣ ለ«አጥፋው!» የሚሆን ምልክት ላይኖር ይችላል። ከእሷና ከክፍሉ ጋር ሆነው ይስማሙበት። ሃያ ሠላሳ ምልክት በቂ ነው። ሁሉም ይማረው፤ ማሽን በሚጮህበት ቦታ ለሚሰማውም ይጠቅመዋል። የማስጠንቀቂያ ደወል ካላችሁ ብልጭ የሚል መብራት ይጨመርበት። ይህ ለኤሌክትሪክ ክፍል የአንድ ቀን ልምምድ ነው፤ ራሳቸው ሠልጣኞቹ ይሥሩት።

ችሎታዋን አስቀድመው አይገምቱት። በሌላ ኮሌጅ አንዲት መስማት የተሳናት ሠልጣኝ የሚሽከረከር ሞተር አካል ላይ መዳፏን ስታሳርፍ አይቻለሁ። ትንሽ ቆየችና ጣቷን ወደ ኋለኛው ክዳን ጠቆመች። ቀሪዎቹ ልጆች ምንም አልታያቸውም። ሞተሩ ሲፈታ የኋላው ኩሽኔታ ተበልቶ ተገኘ። ንዝረቱን በእጇ ነው ያወቀችው። አሠልጣኙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም በመዳፍ ማስለመድ ጀመረ።

የብቃት ምዘናውንም አሁኑኑ ያስቡበት። በዚህ ምዘና (ሲኦሲ) ላይ መዛኙ በቃል ትእዛዝ ከሰጠ ልጅቷ የምትወድቀው ባልሰማችው ትእዛዝ ነው። አስተርጓሚ ወይም የጽሑፍ ትእዛዝ እንዲዘጋጅ ምዘናው ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ይጠየቅ። ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። አካል ጉዳተኞች የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲመቻችላቸው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ካጸደቀችም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ብዙ የሠራ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራም ያለው ተቋም ነው። ከደጃችሁ ነው፤ ሄደው ያንኳኩ።

ሳልረሳው፣ በኤሌክትሪክ ክፍል የማይታይ ችግር አንድ አለ። ከወንዶች መካከል ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያቅታቸው ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው አያውቁትም። ሽቦ አሳስቶ የሚያገናኘውን ልጅ «ልብ የለህም» ከማለት በፊት ቀለም ይጠይቁት። ሰሌዳው የማይታየውም አለ። መነጽር የሚያስፈልገው እንደሆነ ሳያውቅ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለውና አንድ ቀን በቡድን መላክ ይቻላል።

ስለ ቋንቋ። የሥልጠናው ጽሑፍ (ሞጁሉ) በእንግሊዝኛ ነው፤ እናንተ የምታስረዱት በአማርኛ ነው፤ ከቋራ የመጣው ልጅ ደግሞ ቤቱ የሚናገረው ጉምዝኛ ሊሆን ይችላል። ሦስት ቋንቋ አቋርጦ ነው ኮንዳክተር ምን እንደሆነ የሚረዳው። በእጁ የሚችለውን በወረቀት የሚወድቅ ሠልጣኝ የሚበዛው ለዚህ ነው። በየሳምንቱ አሥር የሙያ ቃል ይምረጡ። እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ይጻፉት፤ አጠገቡ ዕቃውን ራሱን በሽቦ ያንጠልጥሉት። የአሥሩ ቃል ሰሌዳ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ይቆይ። የምዘና ጥያቄዎች «ዘርዝር»፣ «አነጻጽር»፣ «ለይ» የሚሉባቸውን የእንግሊዝኛ ግሶችም ለብቻቸው ያስጠኗቸው። መልሱን እያወቀ ትእዛዙን ባለመረዳት የሚወድቀው ብዙ ነው።

ጎልማሳው ሠልጣኝዎ ምናልባት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አያስፈልገው ይሆናል። የእኛ ሥርዓት ሙያን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ቀጥታ ለብቃት ምዘና እንዲቀርብ ይፈቅዳል። በየትኛው ደረጃ መመዘን እንደሚችል አብረውት ይዩና የጎደለውን ብቻ ይማር። ከጠፉት 13 ውስጥ ካለ ደግሞ ሳይደክሙ የሚመልሱት እሱን ነው።

ለእናትየዋ የሚያስፈልጋት ብዙ ጊዜ ሰዓት ነው። የተግባር ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ ከሄደ ሕፃኑን የያዘችላት ጎረቤት ትሰለቻለች። ከጠዋቱ ቡድን ያስገቧት። ጡት የምታጠባ ከሆነች በር የሚዘጋ ክፍል ቁልፍ ይስጧት። ልጃገረዶቹም የወር አበባ ሲመጣባቸው ውኃ ያለበት መጸዳጃና የሚቀየር ሞዴስ ከሌለ በወር ውስጥ ቀናት ይቀራሉ። ሞዴሱ የሴቶች መጸዳጃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከወንድ ንብረት ክፍል ሠራተኛ በፊርማ የሚወሰድ አይሁን።

ከተፈናቀለው ልጅ ጋር የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት ነው። ካርዱና ትራንስክሪፕቱ ቤት ቀርቷል ወይም ተቃጥሏል። ደብዳቤውን ራስዎ ይጻፉለት፣ ቢሮ ለቢሮ ብቻውን አያንከራትቱት፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ትምህርቱን አያቋርጥ። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲወድቅ፣ ኮምፕረሰር ሲተነፍስ፣ ፊውዝ ሲፈነዳ ተኩስ የሰማ ልጅ ልቡ ይቆማል። ማሽን ከመነሳቱ በፊት «ላስነሳ ነው» ብሎ መናገር የወርክሾፑ ደንብ ይሁን። ልጁን በር አጠገብ ያስቀምጡት፤ ወጥቶ ቢመለስ «የት ሄድክ?» አይበሉት። ምን እንዳየ ግን አይመርምሩት። መናገር ሲፈልግ ይናገራል። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ «መኖር ምን ይሠራል» ማለት ከጀመረ የእርስዎ ሥራ እሱን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ነው። የአእምሮ ሐኪም እዚያው ከተማችሁ ውስጥ አለ። አብረውት ይሂዱ፤ ወረቀት ጽፈው አይላኩት።

በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በወረዳ ስም መጠራራት ከሰሙ በዚያው ሰዓት ያስቁሙት። ቀልድ ነው ይሉዎታል። ቡድን ሲከፍሉም ራሳቸው እንዲመራረጡ አይተዉ፤ ያገር ልጅ ካገር ልጅ ጋር ይገጥምና ብቸኛው ብቻውን ይቀራል።

ጾሙን በአንድ ቃል ልለፈው። ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ሲሆን ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት ያምጡት። የዓርብ ስግደት ሰዓት ላይ ፈተና አይያዝ።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ላይ ደረስን፤ የትብብር ሥልጠናው። ደንቡ ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ይሁን ሲል ኖሯል። ጎንደር ላይ የቢራውና የብቅል ፋብሪካው፣ ሆቴሎቹ፣ ጋራዦቹ፣ ተቋራጮቹ ሁሉ ተደምረው ለሁሉም አይበቁም። ስለዚህ ኮሌጆች «ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ» ይላሉ። የከተማው ልጅ አጎት አለው፤ ጥሩውን ቦታ ያገኛል። የገጠሩ ልጅ የሚያውቀው ሰው የለም። የተረፈው ቦታ ገብቶ ወራቱን ሻይ ሲያመላልስና ሲጠርግ ያሳልፋል። የልምምድ መዝገቡ (ሎግ ቡኩ) ግን እንደ ባለሙያ ተሞልቶ ይመጣል። ክፍል ውስጥ እኩል የነበሩት ሁለት ልጆች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ምዘናው ላይ ደግሞ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል።

ስለዚህ ቦታውን ኮሌጁ ይደልድል። ዘመድ የሌለው ሠልጣኝ ቀድሞ ጥሩውን ቦታ ያግኝ፤ አጎት ያለው ምንጊዜም ይፈልጋል። ወረፋውንም አስቀድመው ለሁሉም ያሳውቁ። ከዚያ እየዞሩ ይጎብኙ። ሲጎበኙ ሎግ ቡኩን ሳይሆን እጁን ይጠይቁ፦ «ዛሬ የሠራኸውን አሳየኝ» ይበሉት። ሻይ ሲያፈላ ካገኙት ባለቤቱን በሰላም ያነጋግሩ፤ ካልተለወጠ ያውጡት።

ሴት ሠልጣኝ በሥራ ቦታ የምትጠየቀውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ወሬው የሚመጣው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ሴቶቹን ለብቻ ሰብስበው በግልጽ ይንገሯቸው፦ ቦታውን ለቃ ብትወጣ ውጤቷ እንደማይነካ፣ ሌላ ቦታ እንደሚፈለግላት፣ በማንኛውም ሰዓት የምትደውልበት ስልክ እንዳላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ እንዳይሠራ ይላል። ከድርጅቱ ጋር የምትፈራረሙት ስምምነት ላይ እነዚህን በአማርኛ በግልጽ ያስገቧቸው። የጥምቀት ሰሞን በተለይ ይጠንቀቁ። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሆቴሉ እጅ ይፈልጋል። ለሆቴል ሠልጣኝ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ግን ሌሊት ሥራ ጨርሳ በእግሯ ወደ ማራኪ የምትመለስ ልጅ እንዳትኖር ባጃጁን ሆቴሉ እንዲከፍል አስቀድመው ይስማሙ።

ስለ በጀት። ከራስዎ ኪስ አይጀምሩ። የአሠልጣኝ ደመወዝ ስንት ቤት እንደሚያቆም አውቃለሁ። ከጀመሩትም ማቆም አይችሉም። ኮሌጆች የውስጥ ገቢ አላቸው፤ ወንበር ይሠራሉ፣ በር ይበይዳሉ፣ መስመር ይዘረጋሉ። ትእዛዝ ሲመጣ ቅዳሜ ሠልጣኝ እየሠራ የቀን ሒሳብ እንዲያገኝ ዲኑን ያሳምኑ። ልጁ የሚወስደው እርዳታ ሳይሆን የላቡን ነው። ትምህርቱም ይገባዋል። ለመንገድ መዘጋት ጊዜ የሚሆን ትንሽ እህል ደግሞ ከአሠልጣኞች እድር ወይም ከሰፈሩ እድር ጋር ተነጋግሮ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ኩንታል ሽሮና በሶ ያለበት ቁም ሣጥን ብዙ ልጅ ያቆያል።

የቀሩትን 28 ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንድ በአንድ ያናግሯቸው፤ ጥር ላይም አልረፈደም። ከዚያ በፊት ግን 13ቱን ይፈልጓቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሪሚዲያል (ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ የማካካሻ ትምህርት) ገብቶ የሄደ ይኖራል፤ እሱን በምርቃት ይሸኙት። ሥራ ያገኘም ይኖራል፤ ቅዳሜና እሑድ ወይም ማታ መማር ይችል እንደሆነ ይጠይቁት። ለቀሩት ሲደውሉ አስቀድመው ከዲኑ አንድ ነገር ይዘው ይደውሉ፦ ተመልሶ ቢመጣ ያለ ቅጣት እንደሚቀበሉት፣ ያመለጠውንም ሞጁል የሚጨርስበት ጊዜ እንደሚሰጡት። ስልኩ የማይሠራ ካለ ያገሩን ልጅ ይጠይቁ። እሱም ካላወቀ፣ ቅዳሜ ገበያ ከወረዳው የሚመጣ ሰው አይጠፋምና «ኮሌጅ ትፈልግሃለች» የሚል መልእክት ይላኩበት።